ከእናቴና ከልጆቼ ጋር ወደ አልፕስ፦ ሁሉን ያካተተ የስኪ ሪዞርት ስንመርጥ

የምንኖረው ጄኔቫ በመሆኑ ልጆቻችን የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው የካቲትን በበረዶ ላይ እንደሚያሳልፉ ያውቃሉ፤ እኛም አንድ ጊዜ በሚገባ እናስተምራቸው አልን። በ2018 ዓ.ም. እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ስለነበረች፣ ማረፊያው፣ ምግቡ፣ በበረዶ ላይ የመንሸራተት (የስኪ) ትምህርቱና ተንሸራታቹን ወደ ተራራው የሚያወጣው የሊፍት ትኬት በአንድ ዋጋ የሚከፈልበትን ሪዞርት መፈለግ ጀመርን። ይህን ዓይነት የዕረፍት አኗኗር ካስለመዱት አንዱ በ1950 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ክለብ ሜድ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን የበረዶ መንደሩን በ1956 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ሌዛን ከፍቷል። እኛ በመጨረሻ የመረጥነው ግን የሌላ ድርጅት የሆነ፣ በፈረንሳይ ታረንቴዝ ሸለቆ ከ1,800 ሜትር ከፍታ በላይ የሚገኝ ቤት ነው።

ማስታወቂያዎቹ ሁሉ የሚፎክሩት በመንሸራተቻው ርዝመት ነው፤ በፈረንሳይ ካሉት ትልልቅ የስኪ አካባቢዎች ትሯ ቫሌ 600 ኪሎ ሜትር፣ ፓራዲስኪ 425 ኪሎ ሜትር እያሉ። ይህ ለጎበዝ ስኪ ተጫዋች ትልቅ ነገር ቢሆንም፣ የአምስት ዓመት ልጅ ሳምንቱን ሙሉ የሚውለው በአጥር በተከለለች ትንሽ ሜዳ ላይ ስለሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ከመኝታ ክፍሉ ምን ያህል እንደሚርቅ መጠየቅ እጅግ ይበልጣል። ሁለተኛው ጥያቄዬ የእናቴ ነበር። ብዙዎቹ ለማይንሸራተት ሰውም የሊፍት ትኬቱን በዋጋው ውስጥ አካተው ያስከፍላሉ፤ ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ለማትወጣበት ሊፍት የምትከፍልበትን ምክንያት ማንም ሊያስረዳኝ አልቻለም። የመረጥነው ቤት ይህን ቀንሶልን ለአምስታችን ከ5,000 ዩሮ ጥቂት ከፍ ያለ ዋጋ ጠየቀ።

ጉዞው ቅዳሜ ነበርና ወደ ሸለቆው የሚያስገባው ከአልበርቪል እስከ ሙቲዬ ያለው መንገድ በመኪና ተሞልቶ አገኘነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጀውን መንገድ በአምስት ሰዓት ጨረስን። ጓደኞቻችን ለእናቴ ከፍታው እንዳይከብዳት ሲያስጠነቅቁን ከርመው ነበር፤ እርሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ስለሆነ ከሁላችንም ቀድማ ደረጃውን ወጣች።

ያስቆጣኝ ክፍሉ ነው። «የቤተሰብ ክፍል» ተብሎ የተሸጠልን አንድ መኝታ ቤትና መስኮት የሌለው መተላለፊያ ሲሆን፣ በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ተደራራቢ አልጋ ተሠርቶ በቀጭን መጋረጃ ተጋርዷል። ልጆቹ እዚያ ተኙ፤ መጸዳጃ ቤት የሚሄድ ሁሉ በራሳቸው አጠገብ ያልፋል፣ ማሞቂያው ደግሞ ስለማይቀነስ ታናሹ ሌሊቱን በላብ ተነክሮ ውኃ ሲጠይቅ አደረ። በዚያ ላይ ጠዋት ስኪ ልንከራይ ስንሄድ የልጆቹ ሄልሜት በዋጋው ውስጥ አይካተትም ተብሎ ለእያንዳንዱ 25 ዩሮ ተጠየቅን። ሁሉን ያካተተ ብሎ ለሚሸጥ ቤት፣ ማንም ወላጅ ያለ እርሱ ልጁን የማያሰማራበትን ዕቃ ለይቶ ማስከፈል ነውር ነው እላለሁ።

ትምህርቱ ግን ከጠበቅነው በላይ ሆነ። ቀይ ጃኬት የለበሰችው አስተማሪ መጀመሪያ ያደረገችው የታናሹን ጫማ መፍታት ነበር፤ ብርድ ፈርተን የደረብንለትን ወፍራም ካልሲ አውልቃ አንድ ስስ ካልሲ ብቻ አስቀረችለት፤ የሱሪውንም ጫፍ ከጫማው ውስጥ አውጥታ ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ አጠበቀች። በሚንቀሳቀሰው ምንጣፍ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ሲወሰድ እጁን ይዛው ነበር፤ ከዚያ የስኪዎቹን ጫፍ አቀራርቦ ተረከዙን ወደ ውጭ እንዲገፋ እየነገረችው ፊቱን ወደ እርሷ አድርጎ ሲወርድ፣ እርሷ ወደ ኋላ እየተንሸራተተች ታየው ነበር። ረቡዕ ላይ ብቻውን ቆመ። ታላቋ ለጀማሪ በሆነው በአረንጓዴው መንገድ ጀምራ ሳምንቱ ሳያልቅ አንድ ደረጃ ከፍ ያለው ሰማያዊው ላይ ደረሰች።

ሁዳዴ የካቲት 9 ቀን ገብቶ ነበርና እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾም ነበር፤ ምሳ ደግሞ በስምንት ሰዓት ይነሣል፤ ከሚቀርበውም አይብና ሥጋ ያልነካው ጥቂት ነው። የሪዞርቱን ጽሕፈት ቤት ብንጠይቅ ሰላጣ እንዳለ ነገሩን። ይህን የሰማ አንድ የሞሮኮ ተወላጅ ወጥ ቤት፣ እርሱም በረመዳን ጾም ላይ ሳለ፣ ምስር በከሙንና በዘይት ሠርቶ በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ራሱ ወደ ጠረጴዛዋ ያመጣላት ጀመር። እናቴ በአማርኛ «እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ፣ ዕድሜ ይስጥህ» ትለዋለች፤ እርሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል። የከፈልኩት ገንዘብ በዋጋው ካስገኘልኝ ሁሉ፣ በዋጋው ውስጥ ያልተጻፈው ይህ ሰው በለጠብኝ።

ስንወጣ ማስታወቂያውን አትመን ስላቀረብን የሄልሜቱን ገንዘብ መለሱልን፤ ስለ ክፍሉ ግን አልተስማማንም። በ2019 ዓ.ም. ሁዳዴ የሚገባው የካቲት 29 በመሆኑ የልጆቹ ዕረፍት ከጾሙ በፊት ይውላል፤ እናቴም ከመጣች አብራን ትሄዳለች። ከአሁኑ ለሁለት ቤቶች ጽፌ የጠየቅኩት የክፍሉን ንድፍና የልጆቹ አልጋ የት እንደሚቀመጥ ነው፤ አንደኛው ልኮልኛል።