የ50 ዶላር ካርድ ፍቄ የተማርኩት

ይሄን የምጽፈው እኔ ጌም ልገዛ ስነሳ ማንም ስላልነገረኝ ነው። የጠየቅኳቸው የሰፈር ልጆች በሙሉ «ቀላል ነው ባክህ፣ ካርድ ታስገባለህ በቃ» ነው ያሉኝ። ቀላል!

ያደግኩት ጌም ቤት ነው። ሂሳቡ በጌም ነው፣ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ጆይስቲኩን እንደያዘ ይቀጥላል። ባለቤቱ ኮፒ ዲስክ አንዴ ገዝቶ ዓመቱን ሙሉ ያስጫውትበታል። እኔም ቤቴ ኮንሶል፣ ፕሌይስቴሽን፣ ሳስገባ ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ይሄው ነው፣ አንዴ ከፍዬ እገላገላለሁ። ግን ትልልቆቹ ጌሞች ከ2020 ጀምሮ ከ60 ወደ 70 ዶላር እየወጡ ነበር፣ ኒንቴንዶ ደሞ በ2025 ማሪዮ ካርት ወርልድን 80 አለው። እኛ ጋ ሲመጣ ብሩ ራሱ በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ተለቀቀና በባንክ ምንዛሪ 4 ሺ ብር ገደማ የነበረው 70 ዶላር በዓመቱ ከ9 ሺ አለፈ። ከፍለህም አላለቀልህም፣ ኦንላይን ከሰው ጋ ለመጫወት ሰብስክሪፕሽን፣ የኳስ ጌም ከሆነ ደሞ ደህና አጥቂ ለማግኘት በገንዘብ የሚገዛ ፖይንት፣ በፖይንቱ ፓክ፣ ማለትም ማን እንዳለበት ሳታይ የምትገዛው የተጫዋቾች ጥቅል፣ ፓኩ ውስጥ ደሞ የምትፈልገው ልጅ የመውጣት እድሉ «ከ1 ፐርሰንት በታች» ተብሎ ተጽፎልሃል። ቤልጂየም በ2018 ይሄ ቁማር ነው አለችና ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ የፊፋ ፖይንት እዛ መሸጥ ቀረ። እኛ ሎተሪ እንጂ ቁማር አንጫወትም እያልን እንከፍላለን።

አካውንት መክፈት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። «የምትኖርበትን ሀገር በትክክል ሙላ» ይላል፣ ዝርዝሩ ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም፣ ታዲያ ምን ልሙላ? ሁሉም እንደሚያደርገው አሜሪካ አልኩ። ባንክ ሄጄ በዶላር የሚከፍል ካርድ ስጠይቅ ልጅቷ ቪዛና ቲኬት አምጣ አለችኝ። ለጌም ነው ስላት ከላይ እስከ ታች አየችኝና ቀጣዩን ሰው ጠራች።

እህቴ ኤምሬትስ፣ ሻርጃ ነው የምትሰራው። «እታለም፣ እንደ ሞባይል ካርድ ተፍቆ አካውንት የሚሞላ የ50 ዶላር የፕሌይስቴሽን ካርድ ግዢልኝ፣ ስትመጪ በብር እሰጥሻለሁ» አልኳት። ከስራ ስትወጣ ሱቅ ገብታ ገዛች፣ ፍቃ ኮዱን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ካርዱ ላይ ኮለል ብሎ 50 ዶላር ይላል። ዶላር ነው፣ የኔ አካውንት የአሜሪካ ነው፣ ምን ይጣረሳል? ኮዱን አስገባሁ፣ እምቢ። ዜሮዋ ኦ ትሆን ብዬ ቀየርኩ፣ እምቢ። ደግሜ ደጋግሜ ስሞክር ጭራሽ ለጊዜው ቆለፈኝ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ እህቴን ቀስቅሼ «እስኪ ኮዱን አንብቢልኝ» እላታለሁ፣ እሷ ጠዋት አስራ አንድ ሰዓት ተነሺ ናት፣ «አንተ ልጅ ጤነኛ ነህ?» አለችኝ፣ እውነቷን ነው።

ለካ የኤምሬትሱ ኦንላይን ሱቅም ዋጋው በዶላር ነው። ድርሃም ቢል ኖሮ ያኔውኑ እነቃ ነበር። ካርዱ ጀርባ ላይ በትንሽ ፊደል ለኤምሬትስ አካውንት ብቻ ይላል፣ እህቴ ፎቶ ያነሳችው ኮዱን ብቻ። ደንበኛ አገልግሎታቸው ጋ ቻት ገባሁ፣ 40 ደቂቃ ወረፋ፣ ኔትወርኩ ሁለቴ ተቋርጦብኝ ከዜሮ ጀመርኩ፣ በመጨረሻ የመጣው መልስ ኮፒ ፔስት ነው፣ የካርዱና የአካውንቱ ሀገር አንድ መሆን አለበት፣ የአካውንት ሀገር አይቀየርም፣ መልካም ቀን። እሺ ካርዱን ለውጡልኝ ስል የገዛህበት ሱቅ ጠይቅ። እህቴ በእረፍት ቀኗ ሱቁ ሄደች፣ የተፋቀ አይመለስም አሏት። አራት ቀን እንዲህ አለቀ። እነሱን ከምረግም ራሴን ብረግም ይሻል ነበር፣ ሁለቱንም ረግሜያለሁ።

መውጫውን የነገረኝ አንድ ጌም ቤት ያለው ልጅ ነው። በሌላ ኢሜይል የኤምሬትስ አካውንት ከፈትኩ፣ ኮዱ ወዲያው ገባ፣ የኳሱን ጌም በህዳሩ የብላክ ፍራይዴ ቅናሽ በግማሽ ዋጋ በ35 ዶላር ገዛሁ፣ ኮንሶሉን የዛ አካውንት ዋና ማሽን አደረግኩና በአሜሪካው አካውንቴ ተጫወትኩ። ይሰራል! ሁለት ወር ሙሉ ቡድኔን ገነባሁ፣ ማታ ማታ ተጫዋች እየሸጥኩ እየገዛሁ። ከዛ የቀረችኝን 15 ዶላር አስታወስኩና በ10ሯ 1,050 ፖይንት ገዛሁ። ጌሙን ከፍቼ ብፈልግ ፖይንቱ የለም። ጌም ለሌላ አካውንት ያጋራል፣ ፖይንት አያጋራም፣ የገባው ማንም ያልተጫወተበት የኤምሬትሱ አካውንት ላይ ነው። ይሄን ያህል ተቃጥዬ እንኳን አልተማርኩም።

ስለዚህ የኔን ከሰማችሁ፣ «አሜሪካ ክፈት» የሚላችሁን አትስሙ፣ ካርድ የሚልክላችሁ ዘመድ የት ነው ያለው? ዱባይ ከሆነ ኤምሬትስ፣ ጀርመን ከሆነ ጀርመን። ካርዱን ሳይፋቅ በፊት የፊቱንም የጀርባውንም ፎቶ ያሳያችሁ። ጌም በወጣበት ሳምንት አትግዙ፣ በተለይ የኳስ ጌም፣ መስከረም ላይ 70 የነበረው ህዳር ላይ ግማሽ ነው፣ በዓመቱ ደሞ አዲስ ይወጣና ቡድናችሁ አብሯችሁ አይሻገርም። በ2023 የኳሱ ጌም ፊፋ የሚለው ስሙ ሲቀር የድሮዎቹ ፊፋዎች ከዲጂታል ስቶር ተነስተዋል፣ ዛሬ ልግዛ ብትል እንኳን የለም። ኳስ ብቻ ከሆነ ያማራችሁ ኢፉትቦል የሚባለው ጌም ከ2021 ጀምሮ ነጻ ነው፣ ለነጻ ጌም ደሞ ኦንላይን ሰብስክሪፕሽን አይጠየቅም። ልጆቹ ይንቁታል፣ ይናቁት።

1,050ዋ ፖይንት እስካሁን እዛው ቁጭ ብላለች። ለሷ ብዬ ሌላ ቡድን ከዜሮ ለመጀመር አንጀቴ አልቻለም። እታለም ስትደውል «ጌሙ እንዴት ሆነልህ?» ትለኛለች። «አሪፍ ነው፣ ተባረኪ» እላታለሁ።