«ቶሮንቶም ክራክ አለ በይኛ!»

እማዬ ጉልበቷን ታማ ሦስት ወር ድሬ ከርሜ መመለሴ ነው። ቶሮንቶ ከቤቴ ሆኜ ነው የምሠራው፣ ትርጉም፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ አለቃ የለ ቢሮ የለ፣ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ካለኝ የትም ሆኜ እሠራለሁ ብዬ ነው የሄድኩት። ከዚራ ሰፈር እማዬ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ አውጥቼ ጠዋት ወበቁ ሳይነሳ ሁለት ሦስት ገጽ እገፋለሁ፣ ከሰዓት ድሬ ላይ ማንም አይሠራም እኔም አልሠራም፣ ማታ ደግሞ ለቶሮንቶ ኢሜይል እመልሳለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ላፕቶፔ ሞተ።

የእህቴ ልጅ ታይዋን ይዞኝ ሄደ። ድሬን ለማታውቁ፣ ታይዋን ገበያ ነው፣ አገሩ አይደለም። ዩዝድ ላፕቶፕ ገዛን፣ የሱቁ ልጅ «እትዬ፣ ፉል አርጌ ነው የምሰጥሽ፣ ዊንዶውስ አለው ኦፊስ አለው ሁሉም አለው» አለና ፍላሹን ሰክቶ ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ አስረከበኝ። ላይሰንሱስ ስለው ግራ ገብቶት አየኝና «ላይፍታይም ነው» አለኝ።

ላይፍታይሙ 11 ቀን ቆየ።

የሆነው እንዲህ ነው። ልጁ ሲጭን አንቲቫይረሱን አጥፍቶት ነበር፣ እኔ ደግሞ አንድ ማታ ጠፍቶ አየሁትና አብርቼው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ለካ ያ ኦፊሱን አክቲቬት ያደረገው ነገር እንደ ቫይረስ ተቆጥሮ ተለቅሞ ወጣ። ቆይቼ ስከፍተው ላዩ ላይ ቀይ መስመር፣ ፋይሉ ይነበባል ግን አንድ ፊደል መጻፍ አይቻልም። የማስረክብበት ሰዓት በቶሮንቶ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፣ ያ ማለት ድሬ ላይ ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ እኔ ይሄን ያየሁት 4 ሰዓት ላይ። መብራትም ሄደ (ይሄኛው እንኳን የኦፊሱ ጥፋት አይደለም)። በስልኬ ሆትስፖት ጎግል ዶክስ ከፍቼ፣ እማዬ «አንቺ ልጅ አትተኚም እንዴ» እያለችኝ፣ እንደምንም ላክሁት።

እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። የዘገየው ሥራ አይደለም ያስጨነቀኝ፣ ላፕቶፑ ላይ ያለው የሰው ወረቀት ነው። የጥገኝነት ጉዳይ ያላቸው ሰዎች፣ የልጆቻቸው ስም፣ የተወለዱበት ቀበሌ፣ የተፈረደባቸው ፍርድ። እነዚህ ሰዎች አምነውኝ ነው የላኩት፣ እኔ ጋ ደግሞ 11 ቀን ሙሉ አንቲቫይረስ ጠፍቶ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ፕሮግራም ከወረቀታቸው ጋር አብሮ ሲሠራ ነበር። በኋላ ሳነብ አሠራሩን ተረዳሁ፣ ትልልቅ ድርጅቶች ብዙ ኮምፒውተር ስላላቸው ኦፊሱን በራሳቸው ሰርቨር ነው አክቲቬት የሚያደርጉት፣ ክራኩ ደግሞ፣ የሱቁ ልጅ የጫነብኝ ማለት ነው፣ ኮምፒውተርሽ ውስጥ ተቀምጦ እኔ ነኝ ያ ሰርቨር እያለ ኦፊሱን ይዋሸዋል። ሌላ ምን እንደሚሠራ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

ጠዋት ለእህቴ ልጅ ሌክቸር ጀመርኩለት። እኛ እዛ ከፍለን ነው የምንጠቀመው፣ ሰው የሠራውን በነጻ መውሰድ ምናምን፣ በደንብ አስተማርኩት። ከዛ የከፈልኩበትን፣ የሞተው ላፕቶፕ ላይ የነበረውን ኦፊስ ወደዚህ ላዛውር ብዬ አካውንቴን ከፈትኩ። ሆም ኤንድ ስቱደንት 2019 ነው፣ አንዴ ተከፍሎ ለአንድ ኮምፒውተር የሚሆነው። ማዛወር ይቻላል አይቻልም ብዬ ውሉን ሳነብ፣ ያኔ ስገዛ «አግሪ» ብዬ ያለፍኩትን ውል ማለት ነው፣ ለንግድ ሥራ መጠቀም አይፈቀድም ይላል። ለቤትና ለተማሪ ነው። እኔ ደግሞ አራት ዓመት ኢንቮይስ የጻፍኩት በሱ ነው! ከዛ በላይ ደግሞ ያ ቨርዥን ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ላይ ድጋፉ አብቅቷል፣ የሴኪዩሪቲ አፕዴት የለውም።

ልጁ ከኋላዬ ቆሞ ሲያነብ ነበር ለካ። «አቦ! ወላሂ ቶሮንቶም ክራክ አለ በይኛ!» ብሎ ሳቁን ለቀቀው። እማዬ ምንድነው ብላ መጣች፣ አስረዳት፣ እሷም ሳቀች፣ በደንብ እንዳልገባት ግን አውቃለሁ።

በመጀመሪያ ላፕቶፑን ሙሉ ለሙሉ ፎርማት አስደረግሁና ዊንዶውሱንም በካርዴ ገዛሁ። ከዛ ሊብሬኦፊስ የሚባለውን የኦፊስ ምትክ አወረድኩ፣ ነጻ ነው፣ ለንግድም ለቤትም ማንም አይከለክልሽም፣ ከ2010 ጀምሮ ያለ ነው። አማርኛው ያለችግር ሄደልኝ። አንድ የሰርተፊኬት ፎርም ግን፣ ሠንጠረዥ የበዛበት፣ በዎርድ ተሠርቶ የተላከልኝ፣ ስከፍተው መስመሩ ተንሸራቶ ማህተሙ ያለበት ሳጥን ሌላ ገጽ ላይ ወረደ። የልደት ሰርተፊኬት ደግሞ ቅርጹም እንደ ኦሪጅናሉ መሆን አለበት። ስለዚህ ለዚህ ደንበኛ ብዬ በየወሩ የሚከፈለውን የማይክሮሶፍት 365 ቢዝነስ ገባሁበት፣ ቤዚክ የሚሉትን ሳይሆን ስታንዳርዱን፣ ምክንያቱም ቤዚኩ በብራውዘርና በስልክ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ ማለት ነው። ደረሰኙም ካናዳ ግብር ላይ ወጪ ተብሎ ይገባልኛል።

የእህቴ ልጅ ግን ጥያቄ ጠየቀኝ፣ መልስ አጣሁለት። ሳቢያን ሰፈር ሁለት ኮምፒውተር ያላት ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችው፣ ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ ውል ይጽፋል። «አንቺ የዶላር ካርድ አለሽ፣ እኔ በምን ልክፈል?» አለኝ። እዚህም እኮ የቅጂ መብት አዋጁ፣ 410/1996 ማለት ነው፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጨምራል ስለው «መጥቶ የጠየቀኝ የለም» አለኝ፣ እሱም ልክ ነው፣ መክፈል የፈለገ እንኳን በብር ካርዱ መክፈል ቀላል አይደለም።

ለሱም ሊብሬኦፊስ ጫንንለት፣ ከአቢሲኒካ ፎንት ጋር፣ እሱም ነጻ ነው። ሲቪና ማመልከቻ አልከበደውም። ችግሩ የመጣው ከደንበኞቹ ፍላሽ ነው፣ ከአስራ ምናምን ዓመት በፊት በአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ የድሮ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ይዘው ይመጣሉ፣ ዩኒኮድ (የትኛውም ኮምፒውተር የሚያውቀው የፊደል ኮድ) ስላልሆነ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ብቻ ነው የሚታየው። ይሄ ከኦፊሱ ጋር አይገናኝም፣ ብዙ ብር የተከፈለበት ዎርድ ላይም ያው ነው፣ ግን ደንበኛ «ባለፈው አንተ ጋ ይከፈት ነበር» ካለ ማን ያስረዳዋል።

ባለፈው እሁድ ደውዬ እንዴት ሆነ አልኩት። በሩ ጋ ያለችው ኮምፒውተር በሊብሬው እየሠራች ነው አለኝ። የውስጠኛዋስ ስለው «የውስጠኛዋን ተያት እስቲ» ብሎ ወሬውን ወደ እማዬ ጉልበት አዞረው።