ከኮምቦልቻ ደሴ፣ «ጆሹዋ ትሪ»ን እየሰሙ

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገት ስለሆነ ግን ሚኒባሱ አይቸኩልም። የአየርላንዱ ባንድ ዩቱ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው አልበም «ዘ ጆሹዋ ትሪ» 11 ዘፈን፣ 50 ደቂቃ ነው። ከተማውን ለቀን ዳገቱን ስንጀምር ከፈትኩት።

ወሎ ውስጥ መስማቱ ምክንያት አለው። ድምፃዊው ቦኖ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች እርዳታ ከተዘጋጀው ላይቭ ኤይድ ኮንሰርት በኋላ፣ ከባለቤቱ ጋር ተንታ ወረዳ፣ አጅባር መጥቶ በረሃብ የተጎዱ ሰዎች መጠለያ ውስጥ ሠርቷል። የመጀመሪያውን ዘፈን፣ «ዌር ዘ ስትሪትስ ሃቭ ኖ ኔም»ን (ጎዳናዎች ስም የሌላቸው ቦታ)፣ ግጥም የጫረው በዚያ የኢትዮጵያ ቆይታው፣ አውሮፕላን ላይ ለማስመለሻ በሚሰጥ ከረጢት ላይ ነው።

በስልኩ ስፒከር አትስሙት። ዘፈኑ ከዝምታ ቀስ ብሎ በሚነሳ ኦርጋን ስለሚጀምር የሞተሩ ድምፅ ይውጠዋል፤ ጆሮ የሚደፍን ኢርፎን ያስፈልጋል። ቀጥሎ የባንዱ ጊታሪስት የኤጅ ጊታር በሦስት እየተቆጠረ ይገባል፣ ባንዱ ሲገባ ወደ አራት ይዞራል። ከመነሻው በአራት ያጨበጨበ ሰው እዚያ ላይ ይስታል።

ጊታር ለሚጫወት ምስጢሩ ዲሌዩ፣ የተመታውን ኖታ ጥቂት ቆይቶ የሚያስተጋባው መሣሪያ ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ 126 ምት ገደማ ስለሆነ አንዱ ምት 476 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ ዲሌዩ የዚያ ሦስት አራተኛ፣ 357 ላይ ይደረጋል። እጅ በአንድ ምት ሁለት ኖታ ብቻ ይመታል፣ በመሃል ያለውን ክፍተት ማስተጋባቱ ይሞላዋል። ብዙዎች 476 ላይ ያደርጉትና ማስተጋባቱ ራሱ የተመታው ኖታ ላይ ያርፋል፤ ያኔ ዘፈኑ እንደ ፈረስ የሚጋልብበት ምት ይጠፋል። ድግግሞሹም ሁለት ሦስት ይበቃዋል፣ ሲበዛ ኖታው ይጨማለቃል።

አራተኛው ዘፈን በኤል ሳልቫዶር ጦርነት የአሜሪካን እጅ ይከሳል። የመጨረሻው በአርጀንቲናና በኤል ሳልቫዶር ልጆቻቸው ተወስደው የቀሩባቸውን እናቶች ያነሳል። ቀይ ሽብርን ላየ የደሴ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ለእኔ የአልበሙ ክብደት ያለው እዚህ ነው፣ ሬዲዮ ያደመቃቸው ዘፈኖች ላይ አይደለም።

ቦኖ ስለ መጀመሪያው ዘፈን ሲናገር የሰሜን አየርላንዷን ከተማ ቤልፋስትን ያነሳል፦ እዚያ ሰው የሚኖርበት ጎዳና ሃይማኖቱንና ገቢውን ያሳብቃል። ደሴ ፒያሳ ወርጄ አድራሻ ስጠይቅ የጎዳና ስም የጠራልኝ የለም፤ ሸዋበር፣ ሆጤ፣ ሰኞ ገበያ ነው የሚባለው። የሄድኩበት ግቢ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ በር ይገባሉ።