የዱቤ ደብተሩን ወደ ስልክ ስናመጣ፦ ከነባር ሶፍትዌር ቤት አዲስ ምርት ማውጣት

የምሠራበት ድርጅት ለብዙ ዓመታት የሒሳብና የደመወዝ ሶፍትዌር ሲሸጥ የኖረ ነው። ደንበኞቹ አስመጪዎች፣ ጅምላ አከፋፋዮች፣ ሆስፒታሎችና ኤን ጂ ኦዎች ናቸው። ሶፍትዌሩን አንዴ ይገዛሉ፣ በየዓመቱ የድጋፍ ክፍያ ይከፍላሉ፣ ቤቱም በዚያ ይተዳደራል። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ለሰፈር ሱቆች የሚሆን የዱቤ መተግበሪያ እንዳወጣ ተመደብኩ። ኮዱ ብዙም አላስቸገረንም። ያስቸገረን ከነባሩ ምርት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር መኖሩ ነው።

ሐሳቡ የመጣው ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው። ባለሱቁ ገንዘብ በስልኩ መቀበል ለመደ። ዱቤውን ግን አሁንም ጠርዙ በተበላ ደብተር ነው የሚይዘው። በ2015 ኤምፔሳም ሲጨመር አለቆቼን ለማሳመን ብዙ አልደከምኩም። እንዲያውም እነሱ ከእኔ በላይ ጓጉተው ነበር።

አለቆች የጂሜይልን ታሪክ ይወዳሉ። ፖል ቡክሃይት የሚባል ኢንጂነር ጉግል ውስጥ ሆኖ ጀመረው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ኤፕሪል 1 ቀን ሲወጣ 1 ጊጋባይት የኢሜይል ማስቀመጫ በነፃ መስጠቱን ሰው የኤፕሪል ፉል ቀልድ መስሎት ነበር። ታሪኩ ደስ ይላል። ግን ቡክሃይትን ሰኔ 28 ቀን ደውሎ «ሒሳቤ አልዘጋ አለኝ» የሚለው ደንበኛ አልነበረም። እኛ ጋ አለ።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል። ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ስልኩ አያርፍም። ያኔ የአዲሱ ምርት ፕሮግራመር «ለአንድ ቀን ብቻ» ተብሎ ይወሰዳል። እስከ ነሐሴ አይመለስም። የሚወስደው ክፉ አለቃ አይደለም። የሚከፍለው ደንበኛ እየጮኸ ገና ሳንቲም ያላመጣ ምርት ላይ ሰው ማስቀመጥ ለማንም ይከብዳል። ስለዚህ ድርድሩን የጨረስነው ሚያዝያ ላይ ነው፣ ሁሉም ተረጋግቶ ሳለ። ሁለት ፕሮግራመሮች ከድጋፍ ተራ ወጡ። ወንበራቸውም ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ። የወንበሩ ነገር ቀላል ይመስላል፤ ግን በአጠገብህ የሚያልፍ ሰው ሁሉ «እስቲ ይቺን ብቻ እይልኝ» ይልሃል። ስምምነቱን በጽሑፍ አስፈረምኩ። ሰኔ ላይ ሊወስዷቸው መጡ። ወረቀቱን አሳየሁ። ተኮራረፍን፣ ግን ልጆቹ ቆዩ።

ከነባሩ ኮድ ምን እንውሰድ የሚለው ሌላ ጭቅጭቅ ነበር። «ሁሉም ነገር ተሠርቶ ተቀምጧል፣ ለምን ከዜሮ?» የሚል ክርክር ይነሳል። የድሮው ሲስተም ግን መብራት አለ፣ ኔትወርክ አለ፣ ሰርቨር አለ ብሎ ነው የሚነሳው። የሰፈር ሱቅ ሦስቱንም ባንድ ላይ የሚያገኝበት ቀን ጥቂት ነው። የወሰድነው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንዱ የቀን መቁጠሪያው ነው። ጳጉሜን አምስት ስትሆንም ስድስት ስትሆንም አይወላገድም። 2015 ላይ ስድስት ነበረች፣ ፈረንጅ አገር የተሠራ ካላንደር ለጥፈን ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ጉድ ይፈላ ነበር። ሁለተኛው የስም ፍለጋው ነው። አንዱ ፀሐይ ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ጸሀይ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ። ፍለጋው ሁሉንም ያገኛል። እነዚህ ሁለቱ የዓመታት የደንበኛ ስሞታ ውጤት ናቸው። ነባር ድርጅት ከጀማሪው የሚበልጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ስሞታውን አስቀድሞ ሰምቶ ጨርሷል።

ያው ቤት ግን ልማድም ያወርሳል። የመጀመሪያውን ሙከራ ይዘን ሽሮ ሜዳ አንዲት ባለሱቅ ጋ ሄድን። ደብተራቸውን አወጡልን። «ባለ ባጃጁ»፣ «የአስቴር ልጅ»፣ «ቀዩ ሹፌር»፣ «ፎቁ ላይ ያለችው» ይላል። በየስሙ ሥር ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ እንቁላል። የተከፈለው ላይ ጭረት ተደርጓል። የእኛ ፎርም ደግሞ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ከዚያም የግብር ከፋይ ቁጥር ይጠይቃል። የድርጅት ደንበኛ ለመመዝገብ የተሠራ ነው። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አንዴ አዩት። «ልጄ፣ ለአንድ ሊትር ዘይት የአያቱን ስም ብጠይቀው ነገ በበሬ ያልፋል?» አሉኝ። ከአንድ ሣጥን በቀር ሁሉንም አወጣነው። «ቀዩ ሹፌር» ብሎ መጻፍ ይበቃል። እትዬ ሌላም ነገር አስተማሩን። የመንግሥት ሠራተኛው በኢትዮጵያ ወር፣ የኤን ጂ ኦው በፈረንጅ ወር መጨረሻ ደመወዝ ይቀበላል። ዱቤ የሚጠየቀው በዚያው ልክ ነው። ማስታወሻው አሁን በየደንበኛው የደመወዝ ቀን ይመጣል። ተጠቃሚዎቻችን ከሁሉ የሚወዱት እሱን ነው።

ሽያጭ ላይ ደግሞ የሒሳብ ነገር አለ። የእኛ ሻጮች ኮሚሽን የሚያገኙት ከሶፍትዌሩ ዋጋ ነው። የዱቤው መተግበሪያ ወርኃዊ ክፍያ የሁለት ማኪያቶ ዋጋ ነው። የትኛው ሻጭ ነው ለዚህ ጫማውን የሚጨርሰው? በስብሰባ ላይ ሁሉም «እንሸጣለን» ይላል። በማግስቱ ሁሉም ወደ ትልልቁ ደንበኛ ይሄዳል። እኔም ብሆን የማደርገው ያንኑ ነው። ስለዚህ ሻጮቹን ተውናቸው። ድርጅቱ ያለው ትልቅ ሀብት ሌላ ነበር፦ መርካቶ ያሉት አከፋፋዮች የሒሳብ ሶፍትዌሩ ደንበኞች ናቸው። እነሱ ለሰፈር ሱቅ ዕቃ በዱቤ ይሰጣሉ። ባለሱቁ የራሱን ዱቤ ቶሎ ከሰበሰበ እነሱም ቶሎ ይከፈላቸዋል። አንድ አከፋፋይ ለባለሱቆቹ «ይቺን ነገር ሞክሯት» ካለ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። ፋይሉን በቴሌግራም ይልኩላቸዋል፣ እዚያው ይጭናሉ። ክፍያው በቴሌብር ነው።

የድርጅቱን ስምና አርማ ከመተግበሪያው ላይ እናውጣ ስል ግን ማርኬቲንግ ክፍል ተቆጣ። «ስንት ዓመት የገነባነውን ስም!» ስሙ በግብርና በሒሳብ የታወቀ ነው፣ ችግሩም ይኸው ነው። ባለሱቆቹ ያን ጊዜ አብዛኞቹ የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች ነበሩ፤ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረባቸውም፣ ግብራቸውም በቁርጥ ነበር። የሒሳብ ሶፍትዌር ቤት አርማ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ይሄ ገቢዎች ጋ ይሄዳል እንዴ?» ነው። አርማው ወጣ። ጥያቄው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ግን ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣ ነገር መሆኑ ቀረ።

የለቀቅነው ከመስቀል በኋላ፣ ጥቅምት ላይ ነው። ማኔጅመንት ለእንቁጣጣሽ ፈልጎ ነበር፣ ለፖስተሩ ያምራል። ግን በበዓል ዋዜማ ባለሱቅ ቀና ብሎ የሚያይበት ጊዜ የለውም። ጥቅምት ላይ ሱቁ ረገብ ይላል፣ ያልተሰበሰበው የበዓል ዱቤም ደብተሩ ላይ ቁጭ ብሏል። በትክክል የሚያመው ያኔ ነው።

የድጋፍ ክፍላችን ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30 ይሠራል። ባለሱቅ ደብተሩን የሚያየው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ የማታ ፈረቃ አስፈቀድን፣ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት የሚመልስ። መጻፍ የሚሰለቸው ብዙ ነው፤ በድምፅ ሲሆን ሁሉም ያወራል፣ ከጀርባው የሕፃን ለቅሶ እየተሰማ።

በወርኃዊ ስብሰባ የፋይናንስ ክፍሉ የእኛን ገቢ ከነባሩ ምርት ገቢ ጎን አስቀምጦ ያሳያል። የእኛ መስመር ከግራፉ ወለል ጋር ተጣብቆ አይታይም። በዚህ ብንቀጥል በሦስተኛው ስብሰባ እንዘጋ ነበር። ለብቻችን ገጽ እንዲሰጠን ጠየቅን። እዚያ ላይ የምናሳየው ስንት ሰው እንደጫነው አይደለም፤ እሱ ቁጥር ለጉራ ነው። ከጫነ በኋላ በሁለተኛው ሳምንትም ዱቤ የጻፈው ስንት ነው የሚለውን ብቻ ነው። አለቆች መጀመሪያ ቁጥሩ አነሰ ብለው ቅር አላቸው። ኋላ ግን እየጠየቁ የሚያዩት እሱን ሆነ።

አሁን የተያዝንበት ጉዳይ ሌላ ነው። አከፋፋዮቹ የየሱቁን ዱቤ ማየት ይፈልጋሉ። ማን መክፈል እንደሚችል ቀድመው ለማወቅ ነው፣ ይገባኛል። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ግን አለ፣ አዋጁ ባይኖርም «ቀዩ ሹፌር» ስንት እንዳለበት መርካቶ ድረስ መታወቅ የለበትም። ባለሱቁ ራሱ ከፈቀደ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ እናሳይ የሚል ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ትልቁ አከፋፋይ በዚህ አልተስማማም፣ ከነባሩ ምርትም በየዓመቱ ወፍራም የድጋፍ ክፍያ የሚያመጣው እሱ ነው። ማክሰኞ ስብሰባ አለን።