ሁሉም ስለ ሃይድሮጂን ያወራል፤ ድንጋዩስ?

ላቦራቶሪ ውስጥ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ የምወደው ዴቪስ ቲዩብን ነው። ዘንበል ብሎ የተሰቀለ የመስታወት ቱቦ ነው። ግራና ቀኙ ላይ ጠንካራ ማግኔት አለ። የተፈጨ የብረት ማዕድን ጨምረህ ውሃ ስትለቅበት ቱቦው ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ ያጥበዋል። ብረት ያለበት ጥቁሩ ዱቄት ማግኔቱ ጋ ተጣብቆ ይቀራል። ነጣ ያለው አሸዋ ከውሃው ጋር ይወርዳል። እብቅ ከፍሬ ሲለይ በዓይን ታያለህ።

አንድ ሰሞን ግን አንገበገበኝ። ከማግኔቱ ላይ የሰበሰብኩት ዱቄት ሲመረመር ብረቱ 61 በመቶ ብቻ ሆነ። ደግሜ አጠብኩት፤ ያው ነው። ማግኔቱን ጠረጠርኩ፣ ውሃውን ጠረጠርኩ። በመጨረሻ ዱቄቱን በማይክሮስኮፕ ሳየው ገባኝ። ጥቁሯ ቅንጣት ሆዷ ውስጥ ሲሊካ፣ ማለትም አሸዋው የተሠራበትን ነገር፣ ይዛለች። አፈጫጨቴ ሻካራ ነበር። ከ45 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በታች እስኪሆን እንደገና ፈጨሁት። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ምን ያህል እንደላመ ከዚያ ገምቱ። ብረቱ 68 በመቶ ገባ።

አሁን ስለ አረንጓዴ ስቲል፣ ካርቦን ብዙም ሳይለቅ ስለሚሠራ ብረት፣ ሲወራ ያቺ ቅንጣት ትመጣብኛለች።

ዓለም በዓመት ከ1.8 ቢሊዮን ቶን በላይ ስቲል ያመርታል። ከዚህ ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ብላስት ፈርነስ በሚባለው ትልቅ የማቅለጫ ምድጃ በኩል ነው። እዚያ ኮክ የሚባለው ከድንጋይ ከሰል የሚሠራ ነዳጅ ከማዕድኑ ውስጥ ኦክስጅኑን ይነጥቃል፤ ለአንድ ቶን ስቲል 2 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ሰማይ ይወጣል። በኮክ ፈንታ ሃይድሮጂን ከተጠቀምን የሚወጣው ውሃ ነው። ስዊድን ሉሌኦ ላይ የስቲል አምራቹ ኤስኤስኤቢ፣ የማዕድን ኩባንያው ኤልኬኤቢና የኤሌክትሪክ ኩባንያው ቫተንፎል በጋራ የጀመሩት ሃይብሪት የተባለ ፕሮጀክት በ2021 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በዚህ መንገድ የተሠራውን የመጀመሪያ ስቲል ለቮልቮ አስረከበ። ዜናውን ያነበብኩ ቀን ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁንም ደስ ይለኛል።

ግን ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር አለ። ብላስት ፈርነስ ሆደ ሰፊ ነው። ሁሉንም አቅልጦ ቆሻሻውን ስላግ አድርጎ ከላይ ያንሳፍፈዋል፤ ድንጋዩ ብዙም ባይጸዳ ይችለዋል። የሃይድሮጂኑ ምድጃ ግን አያቀልጥም። ማዕድኑ ጠጣር ሆኖ ገብቶ ጠጣር ሆኖ ይወጣል፤ ኦክስጅኑ ወጥቶለት እንደ ስፖንጅ ተቦርቡሮ። ሲሊካው እዚያው ነው። ቀጥሎ በኤሌክትሪክ ብልጭታ በሚያቀልጠው አርክ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ኖራ ይበላል፣ መብራት ይበላል፣ ከስላጉ ጋርም ብረት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ለዚህ መንገድ የሚፈለገው ማዕድን ብዙውን ጊዜ 67 በመቶና ከዚያ በላይ ብረት ያለው ነው።

ከምዕራብ አውስትራሊያው ፒልባራ በመርከብ የሚወጣው ደግሞ በአብዛኛው 60 በመቶ አካባቢ ነው። ፍጨው እንዳትል፣ ሄማታይትና ጎታይት የሚባሉ የብረት ማዕድናት ናቸው፤ የእኔ ቱቦ አይስባቸውም። አብረው ካሉት ቆሻሻዎች፣ ከአሉሚናውና ከፎስፈረሱም፣ ከፊሉ ከማዕድኑ ጋር ተዋህዷል፤ በመፍጨት አይላቀቅም። ለእንዲህ ያለው ማዕድን እኔ ተስፋ የማደርገው ከሃይድሮጂኑ ምድጃ ቀጥሎ በኤሌክትሪክ አቅልጦ ስላጉን የሚለይ ሌላ ምድጃ ማስገባትን ነው። ውዳቂ ብረት ማቅለጡም ጥሩ ነው፤ ግን ሕንጻና ድልድይ ውስጥ ያለው ብረት ለአሥርት ዓመታት አይመለስም፣ መዳብም ይቀላቀልበታል።

ማግኔት ለሚስበው ጥቁር ማዕድን፣ ለማግኔታይት፣ መንገዱ የታወቀ ነው። ቱቦው ስሙን ያገኘው ከኤድዋርድ ዴቪስ ነው። ሰውዬው በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርት ዓመታት ታኮናይት ከሚባል ድንጋይ ጋር ታገለ። ብረቱ 30 በመቶ ቢሆን ነው፤ ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። አድቅቆ መፍጨት፣ በማግኔት መልቀም፣ ዱቄቱን አንከባሎ ድብልብል ፔሌት ማድረግና መተኮስ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሥራው ወደ ትልቅ ፋብሪካ ገባ።

ከዚያ ፋብሪካ የሚወጣው ዝቃጭ፣ ብረቱ ከተለቀመ በኋላ የሚቀረው ጭቃ፣ ግን እስከ 1980 ድረስ ሱፒሪየር ሐይቅ ውስጥ ይደፋ ነበር። ይህን ሳስብ ያመኛል። በጥር 2019 ደግሞ ብራዚል ብሩማዲኞ ላይ የብረት ማዕድን ዝቃጭ የያዘ ግድብ ተደርምሶ 270 ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ እዚያው ማዕድኑ ሥራ ላይ የነበሩ ናቸው፤ ምሳ ቤቱና ቢሮው ከግድቡ ሥር ነበር።

ንጹህ ማዕድን ለማግኘት ይበልጥ ባላምነው ቁጥር ዝቃጩም ይላማል። የላመ ዝቃጭ ደግሞ ውሃውን በቀላሉ አይለቅም። ንጹህ ስቲል እያልን የምናወራው ይህን ጭቃ ሳንቆጥር መሆን የለበትም። ጭቃው በግድብ ከሚጠራቀም ተጨምቆ ደርቆ ቢከመር እመርጣለሁ። ውድ ነው፣ መብራትም ይፈጃል፤ ቢሆንም።

ላለፉት ጥቂት ወራት ከቱቦዬ ርቄ መጭመቂያው ጋ የከረምኩት ለዚህ ነው። ሻከር ያለው ዝቃጭ ጥሩ ይወጣል፤ በእጅ ጨብጠህ ስትለቀው ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ሸክላ የበዛበት ግን የማጣሪያውን ጨርቅ ይደፍነዋል፣ መሃሉም ሊጥ ሆኖ ይቀራል። አሁን ሁለቱን በተለያየ መጠን እያደባለቅኩ ነው። ሦስት ክፍል ሻካራ፣ አንድ ክፍል ሸክላ ሲሆን ጨርቁ ተነፈሰ። ነገ ሁለት ለአንድ እሞክራለሁ።