ሽማግሌ ፊት በስኪ

የእህቴ ልጅ ኢንስብሩክ በምትባለው የኦስትሪያ ከተማ መኖር ከጀመረ ወዲህ ወደ ደሴ ሲመጣ ባዶ ሻንጣ ይዞ ገብቶ፣ በርበሬና ሽሮ ሞልቶ የሚመለስ ሰው ነበር፤ ባለፈው ክረምት ግን ከሻንጣው ሌላ ከእርሱ ቁመት እምብዛም የማያንስ ከረጢት እየጎተተ መጣ። ጎረቤታችን ሐጂ ከረጢቱን በከዘራቸው ነካ ነካ አድርገው የድንኳን ብረት መሆኑን አረጋገጡ፤ ባለቤቴ ደግሞ የመጋረጃ ዘንግ ነው ብላ በልቧ መስኮቶቹን መለካት ጀመረች። ሲከፈት የወጣው ግን እግር ላይ ታስሮ በበረዶ ላይ የሚያንሸራትት ጥንድ ስኪ፣ ጥንድ ዱላና እስከ ባት ድረስ እግርን የሚውጥ የፕላስቲክ ጫማ ሆነ። «ጋሼ» አለኝ የእህቴ ልጅ፣ «በመጪው ጥር እኔ ዘንድ መጥተው ስኪ እንዲማሩልኝ አስቤያለሁ፤ እስከዚያው ግን አቋቋሙን እዚሁ ብንለማመድ ጊዜ እናተርፋለን።»

ልጁ በስኪ ጎበዝ ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጎበዝ ሰው የሚያውቀውን ነገር እንዴት እንዳወቀው ይረሳል፤ በዚያ ላይ ዘመድ ሲሆን፣ ደግሞም በወሎ ሥርዓት ታንጾ ያደገ ትሑት ልጅ ሲሆን፣ ተማሪውን የት እንደሚያደርሰው በእኔ ታይቷል።

የጉዞ ዕቅዱ እንኳ የሚነቀፍ አልነበረም። ቡናው አቦል ላይ እያለ ስልኩን ከፍቶ ሁሉንም በዝርዝር ነገረን። ከፈረንጆች ገና አንሥቶ እስከ ጃንዋሪ 6፣ ማለትም ኦስትሪያዎች የጥምቀት በዓላቸውን እስከሚያከብሩበት ቀን ድረስ፣ በተራራ ላይ ያሉ ሆቴሎች ዋጋቸው ሰማይ ይነካል፤ ፌብሩዋሪ ሲገባ ደግሞ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ቤተሰብ ሁሉ ልጆቹን ይዞ ይጎርፋል፤ ስለዚህ ለጀማሪ የሚሻለው፣ ዋጋውም የሚቀንሰው፣ ግፊያውም የሚቀለው በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ ነው። የእኛ ጥምቀት የሚውለውም እዚያው መካከል በመሆኑ ባለቤቴ ፊቷን ስታጠቁር፣ ከጥር 11 በኋላ እንዲሆን ተስማማን። ጀማሪ ዕቃ አይገዛም፣ ይከራያል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የተራራውን ሊፍት በሙሉ የሚያሳፍረውን ውድ ትኬትም አይቆርጥም፤ ከመለማመጃው ሜዳና ሰውን እንደቆመ ሽቅብ ከሚያወጣው ተንቀሳቃሽ ምንጣፍ አያልፍምና። ለሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው የሕክምና ኢንሹራንስ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት፤ ሆኖም ስኪን የማይጨምሩ ውሎች ስላሉ፣ በተለይም ከተራራ ላይ በሄሊኮፕተር የመነሣትን ወጪ ይሸፍን እንደሆነ አስቀድሞ አንብቦ መፈረም ያስፈልጋል። ሄሊኮፕተር የሚለው ነገር ሲነሣ ባለቤቴ ቶናውን ሳትቀዳ ጀበናውን እንደያዘች ቀረች።

ሐጂን ያስጨነቃቸው ሌላ ነበር። ኢንስብሩክ ከባሕር ወለል በላይ 574 ሜትር ላይ እንዳለች፣ ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር እንደምትጠጋ ሲሰሙ፣ «ታዲያ ከእኛ ሥር ተቀምጠው በረዶውን ከየት አገኙት?» ብለው ተቆጡ። ልጁ እኛ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ11 ዲግሪ አካባቢ፣ እነርሱ ግን በ47 ዲግሪ ላይ በመሆናቸው በጥር ፀሐያቸው ዝቅ ብላ ውላ ቶሎ እንደምትጠልቅ በትዕግሥት አስረዳቸው፤ ሐጂ ግን ከ4,200 ሜትር በላይ የሆነውን አቡነ ዮሴፍን የመሰለ ተራራ ይዘን ለሸርተቴ ኦስትሪያ መሄዳችንን እስከ ዛሬ አልተቀበሉትም። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1976 የክረምት ኦሎምፒክን አስተናግዳለች ቢባሉም «እኛ አልተጠየቅንም እንጂ» ከማለት አልቦዘኑም። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሮ በክረምት ኦሎምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እንደሆነ፣ በ2010ም ቫንኩቨር ላይ እንደገና እንደተሰለፈ ሲነገራቸው ግን ዝም አሉ፤ ወደ እኔ ዞረውም ከእግር እስከ ራሴ በዓይናቸው መዘኑኝ። ውጤቱን አልነገሩኝም።

በማግስቱ ጦሳ ተራራ ግርጌ ወዳለው የግጦሽ ተዳፋት ወጣን። የስኪ ጫማ ለመራመጃ የተሠራ አይደለም፤ ቁርጭምጭሚትን ወደ ፊት አዘንብሎ ስለሚያስር በተረከዝ እየረገጡ፣ እየተንገዳገዱ መሄድ ግድ ይላል፤ በዚህ ሁኔታ ሰፈሩን አቋርጬ ሳልፍ ሁለት ሰዎች የታመምኩ መስሏቸው ይማርህ ብለውኛል። ባለቤቴ ብርድ እንዳይመታኝ ወፍራም የሱፍ ካልሲ በካልሲ ላይ ደርባ አልብሳኝ ነበር። ደንቡ ግን አንድ ቀጭን ካልሲ ብቻ ነው፤ የተደረበ ካልሲ ጫማው ውስጥ ይጨማደድና ደም ያግዳል፣ እግርንም ከማሞቅ ይልቅ ያቀዘቅዛል። ጫማው ልክ ከሆነ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ጣት የጫማውን ጫፍ ነካ ያደርጋል፣ ጉልበት ሲታጠፍ ደግሞ ወደ ኋላ ሳብ ይላል። የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ሆኖም ባለቤቴ በፍቅር ያለበሰችኝን አውልቁ ማለት ነውር ስለመሰለው አራቱን ዘለበት በዝምታ አጠበቀልኝ፤ እግሬም ገና ተዳፋቱ ሳይደርስ ደነዘዘ።

በስኪ የመጀመሪያው ትምህርት መሄድ ሳይሆን መቆም ነው። የፊት ጫፎቹን አቀራርቦ የኋላዎቹን ማራቅ፣ ጉልበትንም ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ የውስጥ ጠርዞቹ መሬቱን እንዲፍቁት ማድረግ ያስፈልጋል። ክብደት ደግሞ ወደ ፊት መሆን አለበት፤ ቅልጥም የጫማውን ምላስ እስኪጫን ድረስ። ጀማሪ ሲፈራ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ወደ ኋላ በተለጠጠ ቁጥር የስኪዎቹ ፊት ይቀልና አልታዘዝም ይላል። መውደቅ ካልቀረ ወደ ጎን፣ በሽቅቡ በኩል መውደቅ፣ ሲነሡም ስኪዎቹን ከቁልቁለቱ አግድም አስተካክሎ መነሣት ነው። ይህን ሁሉ የተረዳሁት ኋላ ጠይቄ ሲሆን፣ በዕለቱ እርጥቡ ሣር ላይ መንሸራተት ስጀምር የሰማሁት ግን የሚከተለውን ነው፦ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የማይከብድዎ ከሆነ፣ እንደ ምንም ብለው የሁለቱን ጫፎች ትንሽ ቢያቀራርቡልኝ፣ ጉልበትዎንም ደግሞ...» ጉልበቴ ጋ ሲደርስ እኔ ወድቄ፣ ልብሴን አራግፌ ጨርሻለሁ። ባዕድ አስተማሪ ቢሆን «ጉልበት!» ብሎ ይጮህ ነበር። የእኛ ልጅ ግን አንቱታውን አንድም ፊደል ሳያጎድል ሊያድነኝ ስለሚሞክር፣ ምክሩ ሁልጊዜ የሚደርሰው ከአደጋው በኋላ ነበር።

ከቀትር በኋላ ሰማዩ በጦሳ በኩል ጠቁሮ በረዶ መታን። የሽምብራ ፍሬ የሚያህለው ጠጠር ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ በአንድ በረት ጣሪያ ሥር ተጠልለን ቆየን፤ ሲያባራ ተዳፋቱ ከላይ እስከ ታች ነጥቷል። የእህቴ ልጅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ጋሼ፣ አገሬ ላይ ይህን አያለሁ ብዬ አላሰብኩም፤ ሳይቀልጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩልኝ» አለ። የአልፕስ በረዶ ተነባብሮ የሚወርድ፣ በማሽን ተዳምጦ የሚስተካከል፣ የስኪው ጠርዝ ቆንጥጦ የሚይዘው ነገር ነው። የእኛው ግን እርጥብ ሣር ላይ የተበተነ ክብ ክብ ጠጠር በመሆኑ ከሥር ይንከባለላል እንጂ ጠርዝ አይዝም። ስኪ የለመደ ሰው ይህን ማወቅ ነበረበት፤ ናፍቆት ግን ዕውቀትን ይጋርዳል። ዱላዎቹን አስጨበጠኝና «እንግዲህ ቀስ ብለው» አለኝ።

ቀስ የሚባል ነገር አልነበረም።

ከተዳፋቱ ግርጌ መንገድ ያልፋል። በረዶው ማባራቱን ጠብቀው፣ ለአንድ ጎረምሳ ሚስት ሊጠይቁ የወጡ ሽማግሌዎች፣ ሸሁም ቄሱም በመካከላቸው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በዝግታ ይጓዛሉ። እኔ ወደ ኋላ ተለጥጬ፣ ዱላዎቹን ወደ ላይ አንሥቼ፣ በቀጥታ ወደ እነርሱ እየወረድኩ ነው። ሽማግሌዎቹ አይተውኝ ለሁለት ተከፍለው ቆሙ። በዚያች ቅጽበት ያስጨነቀኝ አጥንቴ አልነበረም፤ የአገር ሽማግሌ በቆመበት ሰላም ሳይሉ ማለፍ የአባትን ስም ያስነሣል። ስለዚህ «እንዴት ዋላችሁ አባቶቼ!» ብዬ ባለኝ አቅም ሁሉ ጎንበስ አልኩ።

ጎንበስ ስል ክብደቴ ወደ ፊት መጣ። ቅልጥሜ የጫማውን ምላስ ተጫነው፤ ሲወዛወዙ የነበሩት ጫፎችም ጸጥ ብለው ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሩ። ከላይ በኩል የእህቴ ልጅ «እንደሱ! እንደሱ ነው!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁት፤ በቀኑ ውስጥ ያለ ይቅርታ የተናገረው ይህን ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹም ከግራና ከቀኝ «አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ እንዴት ዋልክ፣ ቤተሰብ ደህና ነው?» እያሉ ሲመልሱ፣ አንዱን ወገን አክብሮ ሌላውን መተው ስለማይገባ፣ በስተ ቀኝ ለቆሙት ለብቻው እጅ ነሣሁ። በስኪ ደግሞ ቀኝ እግሩን የተጫነ ሰው ወደ ግራ ይታጠፋል። በስተ ግራ የነበረው በበልግ የታጨደው የሐጂ የገብስ ገለባ ክምር ነው።

እስከ ወገቤ ገባሁበት። ሌላ ሰው ቢሆን ስኪው ከጫማው ተላቆ ያርፍ ነበር፤ ማሰሪያው የሚለቀው በሰውየው ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ ችሎታና በጫማው ርዝመት ተሰልቶ በሚሞላ ቁጥር ነው። ልጁ ግን ቁጥሩን ለራሱ ፍጥነትና ጉልበት እንዳጠበቀው አምጥቶት ስለነበር፣ ሁለቱም ስኪዎች እግሬ ላይ ተጣብቀው ወደ ሰማይ ቆመው ቀሩ። ሐጂ ከቤታቸው ወጥተው ክምሩን ሲዞሩ ኮቴያቸውን ሰማሁ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ሐጂ።»

«ደህና ዋልክ?»

«ደህና፤ እርስዎስ እንዴት ዋሉ?»

«አልሐምዱሊላህ። ልጆቹስ?»

ገለባው አፍንጫዬ ውስጥ እየገባ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ የእርሳቸውን ጉልበትና የዘንድሮውን ዝናም አዳረስን። የእህቴ ልጅ እያለከለከ ደርሶ «ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቅር ካልተሰኙ፣ ከተረከዙ በስተ ኋላ ያለችውን...» ማለት ሲጀምር፣ ሐጂ እስኪጨርስ አልጠበቁትም፤ የከዘራቸውን ጫፍ ከተረከዜ ኋላ ባለችው ስርጉድ ውስጥ አስገብተው ቁልቁል ጫን አሉት። ቀጭ ብሎ ተፈታ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። በኦስትሪያ የስኪ ሜዳ ሰዎች ማሰሪያቸውን በዱላ ጫፍ የሚፈቱት ልክ በዚሁ መንገድ መሆኑን ልጁ ሲነግራቸው፣ ሐጂ ምንም አዲስ ነገር የሰሙ አልመሰሉም።

ልጅቷ ተሰጠች። የአባትየው ቤት ውስጥ ነገሩ ጠጠር ብሎ እንደነበር፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ገለባ ውስጥ ስለገባው ሰው ሲያወሩ ግን ሳቁ ድርድሩን እንዳላላው ሰምቻለሁ፤ ሙሽራው በሠርጉ ከፊት እንደሚያስቀምጠኝ መልእክት ልኳል።

ልጁ ከመመለሱ በፊት ለጥር በስኪ ትምህርት ቤት አስመዘገበኝ። በኦስትሪያ ቀላሉ የስኪ መንገድ በሰማያዊ፣ መካከለኛው በቀይ፣ ከባዱ በጥቁር ምልክት ይለያል፤ ትምህርት ቤቱም ተማሪውን በችሎታው ስለሚመድብ ከዚህ በፊት ሞክረው ያውቃሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቴ አላውቅም ብለህ ሙላ ስትል፣ ሐጂ ግን «ቁልቁለት ወርዷል፣ ወደ ግራም ታጥፏል፤ መካከለኛ ብለህ ጻፍ» ብለው አጥብቀው ተከራከሩ። ጀማሪ ተብሎ ተጻፈ። ትልቋ ልጄ በበኩሏ ስኖውቦርድ ካልሆነ አልሄድም ብላለች፤ በስኖውቦርድ ሁለቱም እግሮች አንድ ጣውላ ላይ ስለሚታሰሩ ጀማሪው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደጋግሞ በመቀመጫውና በእጁ ላይ ይወድቃል፣ ስለዚህም የእጅ አንጓ መከላከያ እንድታደርግ ተስማምተናል። እኔ ያስቀመጥኩት ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፦ አስተማሪዬ የማያውቀኝ፣ የማይዛመደኝና የሚጮህብኝ ሰው ይሁን። ልጁ «ጋሼ፣ እንዴት ብሎ በእርስዎ ላይ ይጮሃል?» ብሎ ከልቡ አዘነ።

ሐጂ ለተበተነው ገለባቸው ካሣ አንቀበልም ብለው ነበር፤ በኋላ ግን ከሁለቱ የስኪ ዱላዎች አንዱን ወስደው በከዘራቸው ፋንታ ይይዙት ጀምረዋል፤ ጫፉ ጭቃ ላይ ጥሩ ይቆማል ይላሉ። በጥር የምከራየው ዕቃ ዱላም ስለሚጨምር አልጠየቅኋቸውም።