የነቢዩን ልጅነት ከአሳዳጊዎቻቸው ጀምሬ ተማርኩት

እስልምናን የተቀበልኩ ሰሞን ሁሉም ሰው የሚያስተምረኝ ውዱእ (ከሰላት በፊት የሚደረግ ትጥበት) እና ሰላት ነበር። ያስፈልጋል፣ እኔም ደስ ብሎኝ ተማርኩ። ግን አንድ ነገር ውስጤን ይከነክነኝ ነበር። በየሰላቱ ስማቸውን የምጠራቸውን ሰው በቅጡ አላውቃቸውም። ስለ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የማውቀው መካ መወለዳቸውን እና በ40 ዓመታቸው ወሕይ፣ ማለትም የአላህ መልእክት፣ እንደወረደላቸው ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለውስ? ማን አሳደጋቸው? ማን አጎረሳቸው?

አንዲት ጓደኛዬ በቴሌግራም ረጅም የድምፅ የሲራ (የነቢዩ የሕይወት ታሪክ) ትምህርት ላከችልኝ። ታክሲ ውስጥም፣ ወጥ እየሠራሁም ሰማሁ። ሳምንቱ አለቀ፣ እኔ ግን ገና ከጎሳቸው ከቁረይሽ የዘር ሐረግ አልወጣሁም። አብዱልሙጦሊብ፣ አብዱመናፍ፣ አብዱዳር፤ ስሞቹ ተደበላለቁብኝና ተውኩት።

መንገዱን ያሳዩኝ ግቢያችን ውስጥ ያሉ አንዲት እናት ናቸው። ቡና ላይ ሆነን ችግሬን ስነግራቸው፣ «የኔ ልጅ፣ ከዘሩ አትጀምሪ። መጀመሪያ ያሳደጓቸውን ሰዎች እወቂ፣ ዘሩ በኋላ ራሱ ይመጣል» አሉኝ። በማግስቱ ደብተር ገዛሁ፣ የተውኩትንም ትምህርት እንደገና ከፈትኩ። ለአንድ ሰው አንድ ገጽ ሰጠሁ።

የመጀመሪያው ገጽ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አባታቸው አብዱላህ ከንግድ ሲመለስ ታሞ የሞተው እሳቸው ሳይወለዱ ነው። ሁለተኛው የእናታቸው የአሚና ነው። ሦስተኛው ያጠባቻቸው የሐሊማ። የመካ ሰዎች ልጆቻቸውን አየሩ ንጹሕ፣ ዐረብኛውም የጠራ ነው ብለው ገጠር ላሉ አጥቢዎች ይሰጡ ነበር። አጥቢዎቹ ግን የቲም (አባት የሌለው ልጅ) መውሰድ አልፈለጉም፤ ደመወዙን የሚከፍለው አባት ነዋ። ሐሊማም መጀመሪያ አልፋቸው ነበር፤ በኋላ ሌላ ልጅ ስታጣ ባዶ እጄን ከምመለስ ብላ ወሰደቻቸው። እዚህ ጋ ስደርስ የድምፅ ትምህርቱን አቆምኩና ብዙ ቆየሁ። ማንም ያልፈለገው ሕፃን! ሱረቱ አድ-ዱሓ «የቲም ሆነህ አላገኘህምን? አስጠጋህም» ስትል ስለ ምን እንደምትናገር ያኔ ገባኝ። ከዚያ በፊት በቃሌ ይዣት ስቀራት ነበር፣ ግን ድምፁን ብቻ ነው።

የሐበሻ ሰው ስለሆንኩ አንድ ቦታ ላይ ተሳስቻለሁ። የተወለዱት በዝሆኑ ዓመት ነው ይባላል፣ 570 ገደማ፤ የየመኑ ገዢ አብርሃ ዝሆን ይዞ ካዕባን ሊያፈርስ የዘመተበት ዓመት። እኔ አብርሃ ሲባል ትዝ ያለኝ አብርሃ ወአጽብሐ ነው፣ ደብተሬ ላይም እንደዚያው ጻፍኩት። እነሱ የ4ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም ነገሥታት ናቸው። የዝሆኑ አብርሃ ግን በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ የንጉሥ ካሌብ ጦር ወደ የመን ከተሻገረ በኋላ እዚያው ሥልጣን የያዘ ሌላ ሰው ነው። ይህን የማደባልቀው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ስለዚህ ጀማሪ ከሆናችሁ ከወዲሁ ለዩት።

የሞት ተራው በአባታቸው አላበቃም። በ6 ዓመታቸው እናታቸው ከየሥሪብ (ከዛሬዋ መዲና) ሲመለሱ መንገድ ላይ፣ አብዋእ የሚባል ቦታ ሞተች። በ8 ዓመታቸው አያታቸው አብዱልሙጦሊብ ሞተ። ይህ አያት ካዕባ ጥላ ሥር ምንጣፍ ይነጠፍለት ነበር፤ ልጆቹ እንኳ በአክብሮት አይቀመጡበትም። ትንሹ ሙሐመድ ግን መጥተው ይቀመጡበታል፣ አጎቶቻቸው ሊያነሷቸው ሲሉ አያትየው «ልጄን ተዉት» ይል ነበር። ከዚያ አጎታቸው አቡ ጧሊብ ተረከባቸው፤ ልጅ የበዛበት፣ ሀብት ያነሰው ሰው። እሳቸውም ለመካ ሰዎች በትንሽ ክፍያ በግ ጠበቁ። የሻሙን (የሶሪያ አካባቢውን) ጉዞ፣ የኸዲጃን ንግድና ጋብቻ፣ ካዕባ ሲታደስ ጥቁሩን ድንጋይ ጨርቅ ላይ አድርገው የጎሳ መሪዎቹን አብረው ያስነሱበትን ታሪክ ከዚህ በኋላ ስሰማው ቀለለኝ፤ ሰውየውን አውቃቸዋለሁና።

ሌላው የተማርኩት «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መጀመሪያ የሰማሁትን ሁሉ እኩል እጽፍ ነበር። አንድ ኡስታዝ የቁርአኑን፣ የሐዲሱን (ከነቢዩ የተዘገበውን) እና የታሪክ ጸሐፊዎቹን በተለያየ ቀለም ጻፊ አሉኝ። ያ ምክር ብዙ ነገር አጠራልኝ። ለምሳሌ ሰኞ መወለዳቸውን ራሳቸው እንደተናገሩ በሐዲስ አለ። መውሊድን የምናውቀው በረቢዐል አወል 12 ነው፣ ቀኑ ላይ ግን ሌሎች ዘገባዎችም አሉ። ኸዲጃ ሲያገቧት 40 ዓመቷ ነበር የሚለው ታዋቂ ነው፣ 28 የሚልም አለ። መጀመሪያ ይህ ያስደነግጠኝ ነበር። አሁን ግን ሊቃውንቱ ምን ያህል እንደተጠነቀቁ ያሳየኛል።

ደብተሬ ላይ ረጅሙ ገጽ የበረካ ነው፤ ኡሙ አይመን የምትባለው። ሐበሻ ናት። ከአባታቸው የወረሷት አገልጋይ ነበረች። አብዋእ ላይ አሚና ስትሞት ከሕፃኑ ጋር የነበረችው እሷ ናት፣ መካ ድረስ ይዛቸው የተመለሰችውም እሷ። ኸዲጃን ሲያገቡ ነፃ አወጧት። «ከእናቴ በኋላ እናቴ» ይሏት እንደነበር ይተረካል። የሐበሻ ስም ሲነሳ ሙስሊም ስደተኞችን ስለተቀበለው ንጉሥ ስለ ነጃሺ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፣ ስለ እሷ ግን ደብተሩን እስክጀምር ማንም አልነገረኝም፣ ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

የሌሎቹ አሳዳጊዎች ገጽ አንድ በአንድ ሲዘጋ የእሷ ብቻ እስከ መጨረሻው ቀጠለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካረፉ በኋላ የቅርብ ባልደረቦቻቸው አቡበክርና ዑመር፣ እሳቸው ይዘይሯት (ይጎበኟት) እንደነበረው እንዘይራት ብለው ሄዱ። ስታያቸው አለቀሰች። «አላህ ዘንድ ያለው ለመልእክተኛው የተሻለ አይደለም ወይ?» አሏት። «እሱንስ አውቃለሁ፤ የማለቅሰው ወሕይ ከሰማይ ስለተቋረጠ ነው» አለቻቸው። እነሱም አብረዋት አለቀሱ።